ልጫነው ወይስ ይቅር?

ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ማመልከቻ የምትተይበው የብርጓል ጣቷን ቁልፉ ላይ አንጠልጥላ ቀረች። አዲሱ የኮምፒውተር ሲስተም ደብረ ማርቆስን በሙሉ አስለቅሷል ይባል ነበር፤ የልጆቿ እንጀራ ደግሞ ይህች አንዲት ማሽን ነበረች። በሯ ላይ የጎጃም ተካሳሽ ግማሹ ተሰልፏል።

«ጋሼ ድረስ፣ ልጫነው ወይስ ይቅር?» ስትል እንደሷው ማመልከቻ የሚተይቡትን ጎረቤቷን ጠየቀች።

«ምን ያስፈራሻል? እኔ ትናንት ጭኜው የለ! አይሮፕላን በይው!»

ቁልፉን ተጫነችው። ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ ያ ሁሉ የአማርኛ ፊደል ባዶ ሳጥን ሆኖ ቁጭ አለ። ባለጉዳዩም ግልብጥ ብሎ ወደ ጋሼ ድረስ በር ተመመ።

«ጭኜዋለሁ አላሉኝም?» አለች ተከትላቸው በራቸው ላይ ቆማ።

«ብያለሁ እንጂ» አሉ ጋሼ ድረስ፣ ለባለጉዳዮቹ ወንበር እያቀረቡ። «ዛሬ ጠዋት ማራገፌን መች ጠየቅሽኝ?»