ሃያኛው ሞተር

ቀይ መብራት በያዘው ቁጥር ሞተሩን እያጠፋ ቤንዚን የሚቆጥበው ዊራታማ፣ በሞተር ሳይክሉ ከጃካርታ ሁለት ሰዓት ተጉዞ ሰፈሩ ሊገባ ሲል ቤንዚኑ አለቀበት። አንድ የማያውቃቸው ሽማግሌ በሞተር ሳይክል ከኋላው መጡና እግራቸውን የእሱ ሞተር መርገጫ ላይ አሳርፈው እስከ ደጁ ድረስ ገፉት።

"ስቆጥብ ኖሬ ጉድ ሆንኩ እኮ፣ ጋሼ! አላህ ይስጥልኝ።"

"ምን ጉድ ሆንክ? ይኸው በእኔ ቤንዚን ገባህ!" ብለው ሳቁበት።

ከአጥሩ ጀርባ ትንሿ ልጁ ለአያቷ ስትናገር ተሰማ። "አያቴ፣ ይሄም የአባዬ ሞተር አይደለም። ሃያኛው ነው።"

ዊራታማ በሩን ሊገፋ የዘረጋው እጁ ባለበት ቀረ። በየማታው እዚያ ተቀምጣ የእሱን እየጠበቀች የሚያልፉትን ሞተሮች በድምፃቸው እንደምትቆጥር አያውቅም ነበር። ሽማግሌው ሞተራቸውን አጠፉ።

"በል ጥራት" አሉት ቀስ ብለው። "አሁን ትሰማሃለች።"

እንደ አገሩ ወግ የሽማግሌውን እጅ በአክብሮት ሳብ አድርጎ ግንባሩን አስነካና ልጁን ጠራት።