ባለ ወርቁ ሶኬት

«ጨፍኚ አላልኩሽም?» አለ ባልየው፣ ካቻቢቴውን ከጥርሱ ሳይለቅ።

ጨፈነች። ምን ታድርግ! ከምሳ በኋላ ጎኔን ላሳርፍ ስትል ነው ጎትቶ ከሁለቱ ስፒከሮች ፊት ያስቀመጣት። ወገቧን ይጠዘጥዛታል። እሱ እቴ! ወለሉ ላይ ተንበርክኮ የቴፑን ገመድ ይነቅላል፣ ሌላ ይሰካል።

ነገሩ የመጣው በአንዲት ቃጭል ነው። በወጣትነቱ ራሱ የቀዳው ዘፈን አለ፤ ከዘፋኟ ኋላ አንዲት ቀጭን ቃጭል ታቃጭላለች። ያቺ ቃጭል ከዘፈኑ ውስጥ ጠፋችበት። ሰፈርተኛው «ጆሮው» የሚለው፣ የሰውን ሬዲዮ ገና በር ላይ ሰምቶ ሕመሙን የሚናገር ሬዲዮ ጠጋኝ፣ ራሱን ሊጠረጥር ከየት መጥቶ! በቴፑ ገመድ ሶኬት አመካኘ። ነሐሱ ዝጓል፣ እግሩ ላልቷል፣ መብራቱን አጥርቶ አያሳልፍም አለና መዳብ ገጠመ። ከመዳቡ በኋላ ብር የተቀባ። አሁን ደግሞ ወርቅ የተቀባ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ የመጣ!

እሷ ቃጭሏን አንድም ቀን አጥታት አታውቅም። ግን ያንን ፊት እያየች እንዴት ትበለው? በየሶኬቱ «አሁን መጣች!» እያለች ዓይኗን በጨው አጥባ ዋሸችው። እሱም «ላንቺ ከመጣች ለኔም ትደርሳለች» እያለ የተሻለ ሶኬት ፍለጋ ወጣ።

«ይኸኛውስ?»

ዘፈኑ ተለቀቀ። «ደህና ናት» አለች።

ነቀለ፣ ሰካ። «ይኸኛው?»

«ኧረ ይኼ ነው! ይኼማ ወርቁ ነው፤ ጥርት አለች!» አለች፣ በቃ ብሎ እንዲለቃት።

 ደስታውን ልታይ ዓይኗን ገለጠች። ባለ ወርቁ ሶኬት እጁ ላይ ነው። ግድግዳው ላይ የተሰካው ያ የዛገው ነሐስ ነው።

ወይ ጉዴ! አለች በሆዷ።

«በዚህም ትሰማለች?»

«ትሰማለች።»

«ድሮም?»

አንድ ውሸት ፈለገች፣ አጣች። መዋሸቱም ደክሟታል። «ድሮም። በሁሉም። ሶኬቱ ምንም አልሆነም፣ የኔ ጌታ።»

ካቻቢቴውን ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ አኖረው። «እና የሰው ሬዲዮ ሠራሁ እያልኩ የከረምኩት...» ብሎ ጀመረና ተወው።

አንጀቷን በላት። ከወንበሯ ወርዳ፣ ወገቧን ይዛ፣ ከጎኑ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ካሴቱን ወደ ኋላ መለሰና ለቀቀው። ቃጭሏ የምትመጣበት ቦታ ሲደርስ «ይኸው» ልትለው አፏን ከፈተች። እሱ ቀድሟት ጣቱን አነሣ፤ ልክ በቦታዋ፣ በቃሉ እንደሚያውቃት፣ ሳይቸኩል፣ ሳይዘገይ።

ጣቱን እንዳነሣ ዞሮ አያት።

«አቃጨለች?» አላት።

«አቃጨለች።»