አንደኛ ክፍልን ሊያይ የመጣው ሰው

ሁሉንም በትክክል አስታውሳለሁ ብል እዋሻለሁ። ሦስት ሳምንት ይሁን አራት፣ የሰውየው ደብተር ሰማያዊ ይሁን አረንጓዴ፣ እርግጠኛ አይደለሁም። ነገሩን የነገረችኝ የእህቴ ልጅ ናት፤ የአንደኛ ክፍሏ መምህርት እሷው ራሷ ነበረች። ያልሰማሁትን ግን አልጨምርም።

መምህርቷ በሙከራ ላይ ነበረች። ከትምህርት ቢሮ ገምጋሚ ይመጣል፣ ስታስተምር ያያል፣ ቅጽ ይሞላል። ካለፈች ቋሚ ትሆናለች። ካላለፈች የክፍሉን ቁልፍ አስረክባ ወደ ቤቷ ነው።

አንድ ሰኞ ከቢሮ ስልክ ተደወለ። መስመሩ ይንኮሻኮሽ ነበርና ርዕሰ መምህሩ አንድ ጆሮውን በጣቱ ደፍኖ አዳመጠ። ከዚያ ወደ መምህራን ክፍል ሮጠ።

«ሰው ልከዋል! አንደኛ ክፍልን ያያል ነው የሚሉት።»

ሰውየው በማግስቱ መጣ። ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ መዳፈ ሰፊ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ርዕሰ መምህሩ የእንግዳ መዝገብ ሲዘረጋለት እጁን ወደ ኋላው ሸሸገ።

«እርስዎ ይጻፉልኝ፤ እጄ ቆሽሿል።»

«ለምን ጉዳይ ልበል?»

«አንደኛ ክፍልን እይ ተብዬ ነው።»

«አያችሁ፣ ትልቅ ሰው በየመዝገቡ አይፈርምም» አለ ርዕሰ መምህሩ በኋላ ለመምህራኑ።

ሰውየው ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። መጀመሪያ ጣሪያውን ትክ ብሎ አየ። መምህርቷ «ገና ሳልጀምር ሰለቸሁት» ብላ ቅስሟ ተሰበረ። ቀጥሎ ሰሌዳውን አየ። ከዚያ በኋላ ዓይኑን ከሰሌዳው አልነቀለም።

እሷም ያላትን ሁሉ አወጣች። ከካርቶን የቆረጠቻቸውን የፊደል ካርዶች፣ በገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ የሰቀለቻቸውን ቁጥሮች፣ አንድ ጣሳ ሙሉ ቆርኪ። ልጆቹ ቆርኪ ደርድረው ሲደምሩ ሰውየው ፈገግ ይላል፤ መልሱንም ቀድሟቸው ይደርስበታል። ንባብ ሲጀመር ግን ግንባሩ ይቋጠራል፣ ላብ ያጠምቀዋል።

«ሒሳቡን ወዶልኛል» አለች ለጓደኛዋ፣ ለሁለተኛ ክፍሏ መምህርት። «ንባቡ ላይ ግን አለቀልኝ። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያጉረመርምብኛል።»

«ነገም ከመጣ ጉድሽ ፈላ።»

በማግስቱም መጣ። በሦስተኛውም ቀን መጣ።

«ዛሬም ጠባቂ መልአክሽ ገባ?» ትላታለች ጓደኛዋ በር ላይ ቆማ።

«መልአክስ መልአክ ነው፤ ሰይፍ የመዘዘው!»

ዓርብ ልጆቹ ሲወጡ ሰውየው ቀረብ ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ።

«መምህርት፣ በ እና ሰ ሰኞ ቢደገሙ ጥሩ ነበር። ሁለቱም ባለ ሁለት እግር ናቸው፤ ያምታታሉ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እርስዎን ለማዘዝ አይደለም።»

ከነገሩ ይልቅ «እርስዎ» ማለቱ አስደነገጣት። አለቃ አንቱ ካለ አንድ ነገር አለ። ቅዳሜን ሙሉ ስትቆርጥና ስትለጥፍ ዋለች። ጣት እንዲለያቸው ብላ በ ን በክር፣ ሰ ን በአሸዋ ሠራቻቸው። ሰኞ ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ካርዱን ሲዳብሱ ሰውየውም ጨፍኖ ዳበሰ።

«ጥራቱን እየፈተሸ ነው» አለ ርዕሰ መምህሩ፣ በመስኮት እያጮለቀ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሳምንት ሳምንትን ወለደ። አንድ ቀን ከሰውየው ጎን የምትቀመጠው ጥርሰ ወላቃ ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር! ጋሼ ከኔ እየቀዱ ነው!»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። መምህርቷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። «ዝም በይ አንቺ! ትልቅ ሰው እንዲህ ይባላል?» ሰውየው ደብተሩን በክንዱ ከለለ።

ወሬው መምህራን ክፍል ሲደርስ ርዕሰ መምህሩ ራሱን ነቀነቀ። «የልጆቹን ደብተር ሳይቀር እየመዘገበ ነው። ይሄ ሰው ቀላል እንዳይመስላችሁ።»

በዚያው ሰሞን የሚንገዳገደውን አግዳሚ፣ ከኪሱ ምስማር አውጥቶ፣ በድንጋይ መትቶ አጸናው። ርዕሰ መምህሩ «እንዲህ ዝቅ ብሎ የሚሠራ አለቃ በዕድሜዬ አላየሁም» ብሎ ሻይ አስመጣለት።

በመጨረሻው ዓርብ ርዕሰ መምህሩን አላስቻለውም። የምዘና ቅጹንና እስክሪብቶ ይዞ ገባ።

«ጋሼ፣ እንግዲህ ብዙ አዩ። አስተያየትዎን እዚህች ላይ ያስፍሩልን። የልጅቷ እንጀራ በእርስዎ እጅ ነው።»

ሰውየው ቅጹን አየ። መምህርቷን አየ። ላቡን ጠረገ። ምላሱን በከንፈሩ ጥግ ብቅ አድርጎ ቅጹ ላይ አቀረቀረ። ግማሽ ሰዓት ፈጀ። መምህርቷ በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ አንድ ጣሳ ቆርኪ ሁለት ጊዜ ቆጥራለች።

በመጨረሻ ቅጹን አስረከበ። ትልልቅ ፊደል፣ አንድ መስመር፦ «መምህሯ ታስተምራለች።»

«ይኸው ብቻ?» አለች መምህርቷ፣ ሰውየው ከወጣ በኋላ። እንባዋ ቀርቧል።

«ትልቅ ሰው ቃል አያባክንም» አለና ርዕሰ መምህሩ ማኅተሙን መታበት። ቅጹ የዚያኑ ቀን ወደ ቢሮ ተላከ።

ሰኞ ጠዋት ሰውየው ሁለተኛ ክፍል በር ላይ፣ ደብተሩን በብብቱ ይዞ፣ ቆሞ ተገኘ።

«ወይኔ! በሰው ስስቅ በኔ መጣ» አለች የሁለተኛ ክፍሏ መምህርት፣ ካርቶን ፍለጋ እየሮጠች።

ከዚያ ወዲህ ወሬያቸውን የሰማሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ የቢሮው ደብዳቤ የደረሰ ዕለት። ርዕሰ መምህሩ መምህራኑን ሰብስቦ፣ ቆሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው።

«በላካችሁት ቅጽ መሠረት የአንደኛ ክፍል መምህርቷ ቋሚ ሆናለች፤ በሌላ በኩል የአንደኛ ክፍልን ጣሪያ እንዲያይ ከወር በፊት የላክንላችሁ አናጺ እስካሁን ስላልተመለሰ፣ ሰውየውም ፊደል ያልቆጠረ ስለሆነ፣ ስለ ጣሪያው የሚለውን አንድ ሰው ጽፎለት እንድትልኩልን እናሳስባለን።»