የአርባ እንቁላል ካሳ

«ቁጠራቸው!» እላለሁ፤ ካርቶኑን በመስኮቱ በኩል ባንኮው ላይ እያስቀመጥኩ። «አርባ ናቸው። አርባውም ሞተዋል።»

የዕቃ አድራሽ ድርጅቱ የካሳ ክፍል ሠራተኛ ክራቫቱን በአንድ እጁ ይዞ ካርቶኑን በእስክሪብቶ ጫፍ ገለጥ ያደርገዋል። ትናንት በስልክ «የተበላሸው ዕቃ በአካል ካልቀረበ ካሳ የለም» ያለኝ እሱ ራሱ ነው። ይኸው፣ በአካል ቀርበዋል።

«እናቴ፣ እኛ ያመጣንልዎት እኮ የማሽን ዕቃ ነው። እንቁላል አላመጣንም።»

እናቴ ይለኛል! ብበልጠው አምስት ዓመት ነው። ግን በዕድሜዬ የምናደድበት ጊዜ የለኝም፤ ንዴቴን በሙሉ ለካሳው ቆጥቤ ነው የመጣሁት።

«ስማኝ ወንድሜ። የእንቁላል መፈልፈያ ማሽኔ ሙቀት መቆጣጠሪያው በአሥራ አራተኛው ቀን ተቃጠለ። አዲሱን በሁለት ቀን እናደርሳለን ብላችሁ ፈረማችሁ፤ በስድስተኛው ቀን አመጣችሁት። እስከዚያ እኔና ባለቤቴ እየተፈራረቅን በጠርሙስ ሙቅ ውሃ እየሞላን እንቁላሎቹ መሀል ስናስቀምጥ አደርን። ብርድ ልብሳችንን ለእንቁላል አልብሰን እኛ በካፖርት ተኛን!»

ከኋላዬ ከተሰለፉት አንዱ ይስቃል።

«ሳቅ አንተ! ጫጩት በሃያ አንድ ቀን ይፈለፈላል። ዛሬ ሃያ አራተኛው ነው። ድምፅ የለ፣ እንቅስቃሴ የለ።»

ያልነገርኩት ነገር አለ። እንቁላሎቹ የእኔ አይደሉም። አምስት ጎረቤቶቼ ስምንት ስምንት አድርገው የሰጡኝ አደራ ናቸው፤ ጫጩቶቹን እኩል ልንካፈል ተስማምተን። ሦስት ቀን ሙሉ የምወጣውም የምገባውም በጓሮ በር ነው። የፊት ለፊቷ ጎረቤቴ ልጆች ለጫጩቶቹ ከካርቶን ቤት ሠርተው፣ መስኮት አውጥተው፣ ቀለም ቀብተው ጨርሰዋል። እንቁላሉን የምተካበት ካሳ ሳልይዝ ብመለስ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?

ሠራተኛው ሲቆጥር ቆይቶ እንቁላሎቹን ከጠቀለልኩበት ፎጣ ሥር ጠርሙስ ያወጣል።

«ይሄስ?»

«ሙቅ ውሃ ነው።»

«ለሞተ እንቁላል?»

ፊቴ ይግላል። ጠዋት ከማሽኑ ሳወጣቸው ሳላስበው ያደረግኩት ነው፤ እጄ ለምዶበት።

«እንዳይሰበሩ ብዬ ነው» እላለሁ። ውሸቴን ነው።

ጠርሙሱን ቦታው ይመልሳል። ቅጹ ላይ «የተበላሸ ዕቃ ብዛት» ከሚለው ፊት ለፊት 40 ብሎ ይጽፋል። ማኅተሙን ቀለም ያስነካል። ልቤ ይዘላል። አሸነፍኩ!

ማኅተሙ አየር ላይ እንዳለ ካርቶኑ ውስጥ የሆነ ነገር ቋ ይላል።

ያየኛል። አየዋለሁ። ማኅተሙ ሊያርፍ የቀረው አንድ ስንዝር ነው፤ አልሰማሁም ብል ማን ይጠይቀኛል? እንደገና ቋ። ከዚያ ቀጭን፣ የተቆጣ ድምፅ ይመጣል፤ ጭው!

«ቆይ! እንዳትመታው!»

ሰው ሁሉ ሲዞር ነው የጮህኩት እኔ መሆኔን ያወቅኩት። ፎጣውን እገልጠዋለሁ። ዳር ላይ ያለው እንቁላል ተሰንጥቋል፤ በስንጥቁ የስንዴ ፍሬ የምታህል ምንቃር ብቅ ትላለች፣ ትገባለች፣ ደግሞ ብቅ ትላለች።

ሰልፉ ይፈርሳል። ባርኔጣ ያደረጉ አዛውንት ሰውን በክርናቸው እየገፉ ባንኮው ጋ ይደርሳሉ።

«በርዷቸው ነበር አላልሽም ልጄ? የበረደው እንቁላል ይዘገያል። ማን ቸኩለሽ ግደያቸው አለሽ?»

«እነሱም ይዘገያሉ?» ይላል ሠራተኛው። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱን አየሁት።

«አንተ ዝም በል! ከማን ተምረው ይመስልሃል?» እለዋለሁ።

«በሩን ዝጉት፣ ንፋስ ይገባል!» ይላሉ አዛውንቱ። «ያንን መብራት ወዲህ!» ሠራተኛው የጠረጴዛ መብራቱን ገመዱ እስኪወጠር ስቦ ካርቶኑ ላይ ይደፋዋል። ዕቃ ልትልክ የመጣች ሴት የአንገት ልብሷን ፈትታ ትሰጠኛለች። ሌላ እንቁላል ይወዛወዛል። ሌላም። እንባዬ ይመጣል፤ መዝለል፣ መጮህ፣ ዛሬውኑ በፊት ለፊት በር መግባት ያምረኛል። ለባለቤቴ እደውልና «በሕይወት አሉ!» ብዬ ሳልሰማው እዘጋበታለሁ።

«አርባ ብዬ ጽፌያለሁ እኮ» ይላል ሠራተኛው ቅጹን እያየ። «ምን ላድርገው?»

«ሰርዘዋ!»

«ካሳው ይቀርብዎታል።»

«ዘግይታችሁ ላደረሳችሁበት የከፈልኩትን ትመልስልኛለህ። እንቁላሉን ግን ሰርዝ!»

ይሰርዝና 39 ይጽፋል። ጭው። ሰርዞ 38። አዛውንቱ አዲስ ስንጥቅ ባዩ ቁጥር ባንኮውን በመዳፋቸው ይመታሉ፤ ሰልፈኛው በአንድ ድምፅ «ሰርዝ!» ይላል። 37። እኔም እላለሁ፤ ከሁሉም ድምፄ ይበልጣል። 36። 35። መጻፊያ ቦታው ሞልቶ ወደ ኅዳጉ ይወጣል።

34 ላይ እስክሪብቶው ይደርቅበታል። ቀና ከማለቱ አምስት እጆች፣ አምስት እስክሪብቶ ይዘው በመስኮቱ ይገባሉ።