የሞቀው ኮፈን

ነርሷ ከሥራ እንደተመለሰች ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ እጇን የአባቷ መኪና ኮፈን ላይ አሳረፈች። ይሞቃል። መኪናው የቆመበት የቆርቆሮ ጥላ ሥር ፀሐይ አይደርስም፤ ሙቀቱ የሞተር ነው። 

መኪናው ያረጀ የጀርመን መርሰዲስ ነው። የናፍጣ ሞተር፣ በእጅ የሚቀየር ማርሽ፣ ኮፈኑ ጫፍ ላይ የቆመ ኮከብ። አባቷ ያንን ኮከብ ከመንገዱ ዳር እያስተካከሉ መስመራቸውን ሳይስቱ ዕድሜ ልካቸውን ነድተውታል። ቁመታቸው ዛሬም በር ሲገቡ ጎንበስ ያሰኛቸዋል። ዓይናቸው ግን ከዳቸው። ሐኪሙም «ከእንግዲህ መሪ እንዳይነኩ» ብሎ ቁርጡን ነግሯቸዋል።

ቤታቸው ደግሞ የትምህርት ቤት አፍንጫ ሥር ነው። ነርሷ መኪና የገጫቸውን ሕፃናት ቁስል በእጇ አጥባለች። የእነዚያ ልጆች እናቶች እንዴት እንደሚጮኹ ታውቃለች።

«አባዬ፣ ዛሬም ነዳህ?»

«እጄ መሪ አልነካም።»

«ኮፈኑ ትኩስ ነው እኮ!»

«ናፍጣ ሞተር ዝም ብሎ ከቆመ ይታመማል» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ሽማግሌ ዓይኑን በጨው አጥቦ ሲዋሽ ምን ይባላል? ቁልፉን ተቀብላ ለእናቷ ሰጠች።

«እማዬ፣ አንቺ ጋ ይሁን። ለማንም እንዳትሰጪ።»

«ለማን እሰጣለሁ?» አሉ እናቷ፣ ቁልፉን ኪሳቸው እየከተቱ።

በማግሥቱም ኮፈኑ ሞቆ ጠበቃት። በሩን ከፈተችው። የነጂው ወንበር ወደ ፊት ተስቦ መሪው ላይ ሊለጠፍ ምንም አልቀረውም፤ የኋላ ማሳያው ስፖኪዮም ወደ ታች ተጎንብሷል። ምስኪን፣ መንገዱ አልታይ ቢለው የፊት መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ነው የሚነዳው አለች በሆዷ። የጎማው መሸፈኛ ፓራፋንጎ ላይ የግቢው በር ቀለም ያለበት አዲስ ጭረት አየች። አለቀሰች።

«ሌላ ቁልፍ አስቀርጿል!» እያለች ሳሎን ገብታ ሶፋው ላይ ዘጭ ስትል ባዶ እንጨት ተቀበላት። «የዚህ ትራስ ደግሞ የት ሄደ?»

«አጥቤ አስጥቼው ነው» አሉ እናቷ ቶሎ ብለው።

«በቃ፣ ቅዳሜ ገዢ አመጣለሁ። ሰው ከምንገድል ይሸጥ።»

«እኔን ሐኪም ቤት ማን ያመላልሰኛል?» አሉ አባቷ።

«ታክሲ።»

 እናቷ «ቅዳሜ ቅርብ ነው» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሁሉ።

ዓርብ ከሰዓት ባለሱቁ ጎረቤት ሥራ ቦታዋ ደወለላት።

«መኪናችሁ አሁን ከግቢ ወጣ። በእኔ በኩል ሲያልፍ አባትሽን ከፊት አየኋቸው፤ ኮፍያቸው ጣሪያ ሊነካ!»

ተማሪ የሚለቀቅበት ሰዓት ነው። ነጭ ጋዋኗን ሳታወልቅ ዘላ ታክሲ ውስጥ ገባች።

«ወንድሜ፣ በናትህ ፍጠን!»

«እህቴ፣ በየት በኩል? መንገዱን እያየሽው!»

ወርዳ ሮጠች። ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ስትደርስ በተማሪዎቹ ጭንቅላት መሀል ኮከቡ ብልጭ አለ። መኪናው እየመጣ ነው። አንዲት ሕፃን የወደቀባትን የምሳ ዕቃ ልታነሳ መንገዱ መሀል ቁጢጥ ብላለች።

ነርሷ ጮኸች። ድምፅዋ ግን በልጆቹ ጫጫታ ተዋጠ።

መኪናው ቆመ። ሕፃኗን ሳያስደነግጥ፣ ቀስ ብሎ ቆመ። ልጅቷ የምሳ ዕቃዋን አንስታ፣ አቧራውን አራግፋ ተሻገረች።

ነርሷ ሮጣ ደርሳ የነጂውን በር በረገደችው።

«ዝጊው፣ ማርሽ ልታስገባ ነው» አሉ አባቷ፣ ከወዲያኛው ወንበር ዓይናቸውን ጨፍነው ሞተሩን እያዳመጡ፤ የሶፋው ትራስ ላይ ተቀምጠው መሪውን በሁለት እጃቸው ሙጭጭ ያደረጉት እናቷ ነበሩ።