የሊሊው ክር

ሣህሊቱ በገጀረት ሰፈር ባለው ግቢዋ ሊሊ ታዳቅላለች። አበባው ማልዶ ፈክቶ ለማታ ስለሚጠወልግ ጊዜ አይሰጥም። የአንዱን ብናኝ ሌላው ላይ ቀብታ፣ እናት አበባውን፣ አባት አበባውንና የተዳቀለበትን ዕለት ወረቀት ላይ ጽፋ በነጭ ክር ታስርበታለች።

ሰኞ ጠዋት ያልፈካ እምቡጥ ላይ እሷ ያላሰረችው ወረቀት አገኘች። «እናት ሣህሊቱ፤ አባት በርሄ፤ ግንቦት 11 ቀን 1962» ይላል። ግንቦት 11 ገና ነገ ነው።

ወረቀቱን ለባሏ ለበርሄ አሳየችው። «አንተ ነህ የጻፍከው?»

«ኣይፋልን፤ እኔ አበባሽን መች ነካሁ? የእጅ ጽሕፈቱም ያንቺ ነው።»

ከታጋዮች ጋር ሊዋጋ ሜዳ ከወጣ ዓመት ያለፈው አንድ ልጅ አላቸው። ስሙ በዚያ ቤት በሹክሹክታ እንኳ አይነሣም፤ ያን ዕለትም ማንም አላነሣውም። ሣህሊቱ እምቡጡን ከነወረቀቱ ቀንጥሳ ምድጃ ውስጥ ጨመረችው።

ማክሰኞ ሲነጋ አበባው በቀነጠሰችበት ቦታ ፈክቶ ቆሟል። ወረቀቱም ተንጠልጥሏል። ክሩ ግን ነጭ አልነበረም። ለልጇ ክርስትና በገዛ እጇ የገመደችው፣ ከአንገቱ ወልቆ የማያውቀው ጥቁር ማዕተብ ነበር።

በርሄ ከኋላዋ መጥቶ ማዕተቡን አየ። ስለ አበባ ጠይቋት የማያውቅ ሰው ነው።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚጠወልገው?» አላት።