የእሜቴ ገንፎ

«እሜቴ! ነይ እሜቴ!» ትላለች ፋዲላ ደጋግማ። ገንፎው በእንጨት ሳህን ተደርጓል፣ ቅቤው መሃሉ ላይ ቀልጧል፣ ክንዷ ሳህኑን እንደያዘ ተዘርግቷል። ትልቋ ጅብ እሜቴ አትመጣም።

ሌሎቹም አይመጡም። አራቱም ባሕር ዛፎቹ ሥር ቆመዋል። ለመከለያ ከተወጠረው ገመድ ወዲህ የተሰበሰበው እንግዳ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቀርጻል። ቀኑን ሙሉ እንጦጦ ላይ በተዘጋጀው የምግብ ፌስቲቫል ቆጮ፣ ጭኮና አንጮቴ ሲቀማምስ የዋለ ሕዝብ ነው። ሆዱ ሞልቷል፤ የቀረው ትንሽ መፍራት ብቻ ነው። ጅብ የተጠራለትም ለዚሁ ነው።

የፌስቲቫሉ አዘጋጅ ርሆቦት ማይክራፎኑን በመዳፏ ሸፍና ጠጋ ትላለች።

«ፋዲላዬ፣ ችግሩ ምንድነው? ፖስተሩ ላይ "ጅብ ከእጅ ሲበላ ይመልከቱ" ብለናል እኮ።»

«እነሱ ፖስተር አያነቡም።»

«በናትሽ አትቀልጂ! ሥጋ ይምጣላቸው?»

«ሥጋ አይደለም የሚፈልጉት።»

የሚፈልጉትን ታውቃለች። አባቷ አብደላ ከሐረር መጥቶ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ከገባ ጀምሮ፣ ሲመሽ ከግቢው ጀርባ ቁጭ ብሎ ከእንጦጦ ለሚወርዱ ጅቦች አጥንት ያበላ ነበር። ጎረቤት ሲጮህበት «ና፣ ላንተም አለ» ይላል። እሜቴ፣ ቡላ፣ ቆራጣ፣ ሙሽራ ብሎ ስም ያወጣላቸውም እሱ ነው። ፋዲላ ከልጅነቷ ጀምሮ አጥንት ስታቀብለው ኖራለች። አንድም ቀን በራሷ እጅ አብልታ አታውቅም።

በእነሱ ቤት ጅብ የሚያበላ ሰው ተራውን የሚያስረክበው በአፉ ነው። ጅቦቹን አንድ በአንድ በስማቸው ይጠራና መጨረሻ ላይ የተረካቢውን ስም ይጨምራል። አብደላም ከአባቱ የተረከበው እንደዚያ ነው። ስሙ ያልተጠራ ሰው ያቀረበውን ጅቦቹ አይቀምሱም። ፋዲላ ስንቴ ጠይቃው «ምን አስቸኮለሽ፣ ገና አልሞትኩም» ብሎ ስቆባታል።

ከረመዳን ወዲህ ግን አብደላ አልጋ ላይ ነው። ግማሽ አካሉ ከድቶታል፤ አንደበቱም ተዘግቷል። ለፌስቲቫሉ ቃል የገባው እሱ ስለነበር ፋዲላ ቃሉን ልጠብቅለት ብላ መጣች። ለሰው ያለችው እንዲህ ነው። እውነቱ ግን ስሟን ሳይጠራ እንዳይሞትባት ፈርታለች፤ በሐረር ልማድ ለጅብ የሚቀርበውን የቅቤ ገንፎ ስታገነፋም ምናልባት ያለ እሱ ቃል ይቀምሱልኝ ይሆናል ብላ ተስፋ አድርጋ ነበር። ጅብ በቅቤ የሚታለል መስሏት።

«ለምንድነው ወደዚህ የማያዩት?» ይላል ከገመዱ ጀርባ አንድ ሰው።

ፋዲላም አሁን ነው ልብ ያለችው። ጅቦቹ ገንፎውንም ሰዉንም አያዩም። አራቱም አንገታቸውን አዙረው ቁልቁል ያያሉ፣ የፈረንሳይ ለጋሲዮን መብራት አንድ አንድ እያለ ወደሚበራበት። አይንቀሳቀሱም።  

ኪሷ ውስጥ ስልኳ ይንቀጠቀጣል፤ በነፃ እጇ አውጥታ ታነሳዋለች። እህቷ ሀውላ ናት፣ አባታቸው ዘንድ የቀረችው።

«ፋዲላ፣ አባዬ ተናገረ! ወላሂ ተናገረ! ቆይ፣ ስሚው፣ አፉ ላይ ላድርግልሽ።»

መጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ከዚያ የሻከረ፣ የደከመ፣ ግን የእሱ የሆነ ድምፅ።

«እሜቴ።»

ዛፉ ሥር የትልቋ ጅብ ጆሮ ቀጥ ይላል። ፋዲላ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ይዛለች፤ አጠገቧ የቆመችው ርሆቦት እንኳ ምንም አትሰማም።

«ቡላ።» ግራጫው ራሱን ቀና ያደርጋል።

«ቆራጣ።» ጆሮዋ የተቆረጠው አንድ እርምጃ ወደፊት ትላለች። 

«አባዬ፣ እኔ ነኝ» ትለዋለች። 

«ሙሽራ።» ትንሿ ጅብ አፍንጫዋን ትልሳለች።

ከዚያ ትንፋሹ ይቆራረጣል። አንዴ፣ አንዴ ብቻ ትላለች በልቧ፤ ያ ረቢ፣ አንዴ ብቻ።

«ፋዲላ።»

ልጅ ሳለች አጥንት አቀብዪኝ ብሎ ሲጠራት እንደሚያደርገው መጨረሻውን ጎተት አድርጎ ነው። አራቱም ራሶች ባንዴ ወደሷ ይዞራሉ።

እሜቴ ቀድማ ትመጣለች። ሳትቸኩል፣ ሳትፈራ ሳህኑ ላይ አጎንብሳ ትበላለች፤ ሞቃት ምላሷ የፋዲላን አንጓ ይነካል። ሌሎቹም ተራ በተራ ይከተላሉ። እንግዳው በጭብጨባ ይፈነዳል። «ጠብቁ አላልኳችሁም!» ትላለች ርሆቦት በማይክራፎኑ።

በስልኩ ውስጥ የአባቷ ትንፋሽ የለም። ሀውላ ብቻ ናት፣ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» እያለች የምታለቅስ።

ሳህኑ ሲያልቅ ጅቦቹ ወደ ጫካው አይመለሱም። በገመዱ ጥግ፣ በሰዉ አጠገብ አልፈው ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ወደ አብደላ ቤት የሚያወርደውን መንገድ ይይዛሉ፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ፣ ራሳቸውን ደፍተው። እንግዳው የትርኢቱ ክፍል መስሎት አሁንም ይቀርጻል።

ፋዲላ ሳህኑን መሬት ላይ ታስቀምጣለች። የፌስቲቫሉ ስም የተጻፈበትን ሽርጥ ትፈታና ርሆቦት እጅ ላይ ትተወዋለች። እንባዋ ይወርዳል፤ አትጠርገውም።

መታጠፊያው ላይ እሜቴ ቆማለች። ወደኋላ ዞራ ፋዲላን ትጠብቃለች።